ከወሊድ በኋላ ለክርስትናም ለቢሮም የሚሆን፣ ጊዜ የማያልፍበት አለባበስ፦ ከየት ልጀምር?

አራስ ሰሚት

ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጅ ነው የወለድኩት፣ በኦፕራሲዮን። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፤ የ90 ቀኑ ፈቃድ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ባንክ ሥራዬ እመለሳለሁ። ዩኒፎርም የለንም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ልብሴ ደረት ላይ አይዘጋም፣ ሆድ ላይ ይወጠራል። ፋሽን መከተል አልፈልግም፤ ዘንድሮም ከርሞም የሚለበስ፣ ጨዋ፣ ቅርጽ የሚያወጣ፣ ለማጥባትም የሚመች ጥቂት ልብስ ነው የምፈልገው። ልኬ አሁን ይህ ነው፦ ቁመት 160፣ ደረት 104፣ ከጡት ስር 86፣ ወገብ 93፣ ዳሌ 112 ሴንቲ ሜትር።

አሁን ላሰፋ ወይስ ሰውነቴ እስኪመለስ ልጠብቅ? ካሰፋሁስ ምን ምን? ልብስ ሰፊው ጋ ስሄድ ምን ብዬ ልንገረው? ለክርስትናው የሐበሻ ቀሚስ ሐሳብ ያላችሁም ንገሩኝ።

መቀስና ሜትር

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። አትጠብቂ። ጥቂት ልብስ አሁን አሰፊ፤ ግን ወደፊት እንዲጠብም እንዲሰፋም ሆኖ ይሰፋ። ስለዚህ ለልብስ ሰፊሽ ሞዴል ከማሳየትሽ በፊት ስለ ትርፍ ጨርቅ ተነጋገሩ። በጎን ስፌቱ ላይ በእያንዳንዱ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ይተውልሽ። አብዛኛው ሰፊ አንድ ወይም አንድ ተኩል ብቻ ትቶ ቀሪውን በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝ በሚዘመዝመው ማሽን፣ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ማስፋት የሚባል ነገር አይኖርም። ሁለቱ ጎኖች አራት ጠርዝ አላቸው፤ ከየጠርዙ 2 ሴንቲ ቢለቀቅ ልብሱ በዙሪያው 8 ሴንቲ ይሰፋል ማለት ነው። የታች እጥፋቱም ከ5 ሴንቲ አይነስ።

ልክ ስትሰጪ ጡትሽ ሞልቶ ሳለ፣ የምታጠቢበትን ጡት መያዣ ለብሰሽ ይሁን። ልጅቷን አጥብተሽ ወዲያው ብትለኪ ቀሚሱ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ላይ አልዘጋ ይልሻል። ወገብሽን ደግሞ በዓይን አትገምቺው። ቀጭን ላስቲክ ሆድሽ ላይ አስሪና ግራ ቀኝ ጎንበስ ቀና በይ፤ ላስቲኩ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ እሱ ነው ወገብሽ። ከእሱ 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ ልክ፣ 20 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ሌላ ልክ ይወሰድ። የወለደች ሴት ጉርድ የሚበላሸው ሁልጊዜ በዚህ 9 ሴንቲው ላይ ነው። ሰፊው ወገብና ዳሌ ብቻ ለክቶ መሐሉን በልማድ ሲቆርጥ፣ ሆድ የሚያርፍበት ቦታ ይጠብቅና ጉርዱ ወደ ላይ እየተሳበ ከወገብ በታች አግድም ይጨማደዳል። ከዚያ ሴትየዋ ሆዴ ነው ትላለች። ሆዷ አይደለም፣ አቆራረጡ ነው።

በሰውነትሽ ልክ ላይ መላወሻ፣ ማለትም እንደ ልብ የምትንቀሳቀሺበት ትርፍ፣ ይጨመር፦ ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ 8 ሴንቲ፣ ወገብ ላይ ከ8 እስከ 10፣ ዳሌ ላይ 6። በአንቺ ልክ የቀሚሱ ደረት 112፣ ዳሌው 118 ይመጣል። ሌላ ሰፊ የሚረሳው ነገር፣ ሆድ ወደ ፊት ሲወጣ የፊቱ ጨርቅ ይሳብና ከታች ፊቱ አጥሮ ኋላው ይረዝማል። የፊቱን ጨርቅ ከወገቡ በኩል 2 ሴንቲ ማስረዘም ያስተካክለዋል። ከታች በኩል ብቻ ቢያስረዝመው ግን የጎን ስፌቱ ወደ ፊት እንደተጣመመ ይቀራል።

የትከሻ ስፌት ጫፍ የትከሻ አጥንትሽ ላይ ይረፍ። ክብደት ቢጨምርም ቢቀንስም ትከሻ ብዙ አይለወጥም፤ ትከሻው ልክ የሆነ ልብስ ከታች ለቀቅ ቢልም የተሰፋልሽ ይመስላል። ትከሻው የወረደ ግን ምንም ያህል ውድ ጨርቅ ቢሆን የተዋሽው ይመስላል።

ለቢሮ የምመክርሽ ቀሚስ፦ ከትከሻ ተነስቶ በጡት ጫፍ ላይ አልፎ ቀጥ ብሎ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት ያለው፣ ወገቡ ላይ አግድም ስፌት የሌለው፣ ከጉልበት 5 ሴንቲ ዝቅ የሚል፣ እጁ ክርን የሚሸፍን። ሁለቱ የቁም ስፌቶች ከፊት ሲታዩ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ይስቡታል፤ ወደፊት ማጥበብ ሲያስፈልግም በእነሱ በኩል ይጠባል። ማጥቢያውም እዚያው ይደበቃል፦ በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ድብቅ ዚፕ፣ ከትከሻ 8 ሴንቲ ዝቅ ብሎ የሚጀምር። የዚፑ ራስ የልጅቷን ፊት እንዳይፍቅ ከውስጥ በኩል በትንሽ ጨርቅ ይሸፈን፤ ዚፑ የሚገባበት ጠርዝም በካውያ የሚጣበቅ ገበር ይለጠፍበት፣ አለበለዚያ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይሞገጋል። አንገቱ ከጉሮሮ ጉድጓድ 8 ሴንቲ ያህል የሚወርድ ሹል ቅርጽ ይሁን። ክብና ወደ አንገት የተጠጋ ከሆነ ደረት ሰፍቶ አንገት ያጥራል። ለዚህ ቀሚስ 150 ሴንቲ ስፋት ካለው ጨርቅ 2 ሜትር ተኩል ግዢ።

ጨርቁ ክብደት ያለውና የሚወርድ ይሁን፦ ክሬፕ፣ ቀጭን ሱፍ። ስስ ስትሬች የሆድን እያንዳንዱን መስመር ያሳያል፣ ሳቲን ደግሞ ያብለጨልጭና የወተት ጠብታ ምልክት ይይዛል።

አዋላጅ ነርስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከሰውነት በኩል ልጨምር፣ ልብሱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመጠጋት 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የሆድ ቆዳና ጡንቻ ግን ወራት ይወስዳል። በእርግዝና ጊዜ የተከፈተው የጎድን አጥንት አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ክብደትሽ ወደ ድሮው ቢመጣ እንኳ የድሮ ቀሚስሽ ዚፕ ከጡት ስር ላይ ሊቆም የሚችለው ለዚህ ነው። የዚያ ጥፋት የአንቺ አይደለም፣ የአጥንት ጉዳይ ነው።

የኦፕራሲዮን ቁስል ስላለሽ የሱሪና የጉርድ ወገብ የት እንደሚያርፍ ተጠንቀቂ። ጠባሳው ከብልት ፀጉር መስመር ከፍ ብሎ አግድም ነው። ዝቅ ያለ ወገብ ያለው ሱሪ በትክክል እሱ ላይ ይፈትጋል፣ ስትቀመጪ ደግሞ ይጫነዋል። እምብርት ላይ ወይም ከእምብርት በላይ የሚያርፍ ከፍ ያለ ወገብ ለቁስሉም ለመልክም ይሻላል። ፊቱ ለጥ ያለ ሆኖ ላስቲኩ ከኋላ ብቻ ቢሆን ከፊት ማንም አያውቀውም። የውስጥ ሱሪም ከፍ ያለ፣ ጥጥ የሆነ።

ጡት መያዣ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ፤ የሌላው ልብስ ሁሉ አቀማመጥ ከእሱ ይጀምራል። የወተቱ መጠን እስኪረጋጋ፣ እስከ 6 ሳምንት ገደማ፣ ለስላሳና የሚለጠጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልክ ተለክቶ ሁለት ወይም ሦስት ይገዛ። ሽቦ ያለው አሁን ይቅር፦ ሽቦው ጡቱን ሲጫን ወተቱ የሚያልፍበትን ቱቦ ይዘጋና እብጠት፣ አልፎም ትኩሳት ያለው የጡት ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ጀርባ ላይ ያለው ማሰሪያ አግድም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ሁለት ጣት ብቻ ይግባበት። ማሰሪያው ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቶሻል ማለት ነው፤ ያኔ ጡቱ ወደ ታች ይወርድና የቀሚሱ ስፌት ሁሉ ቦታውን ይስታል። ስትገዢ በመጨረሻው ሰፊ ቁልፍ ልክ የሚሆንሽን ምረጪ፣ የጎድን አጥንቱ ሲሰበሰብና ላስቲኩ ሲላላ ወደ ውስጥ ትቀንሻለሽ።

አራስ ሰሚት

ጋሼም እህቴም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቤተሰብ ሆድሽን በመቀነት ጠፍሪው ይሉኛል፤ ከልብስ ስር የሚለበስ ሆድ አጥባቂም ገበያ ላይ አይቻለሁ። ይጠቅማል? ደግሞ ጥቁር ብቻ ልበሽ፣ ያቀጥናል የሚሉኝ በዝተዋል።

አዋላጅ ነርስ

መቀነቱን ለዘብ አድርገሽ ብታስሪው ድጋፍ ነው፤ በተለይ በኦፕራሲዮን ለወለደች ስትነሺና ስታስዪ ሕመሙን ይቀንሳል። ስብ አያቀልጥም፣ የተለያየ የሆድ ጡንቻንም በራሱ አይገጥምም። ጠፍሮ ማሰር ግን ግፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ማህፀንና ፊኛ ተሸካሚ ጡንቻዎች ይልከዋል፤ ሽንት ማምለጥ ያለባት ሴት ይብስባታል። መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ ቁስሉ ላይ መስመር ካተመ፣ ወይም ስትቀመጪ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ጠብቋል። ቢሮ ሙሉ ቀን ከልብስ ስር ለመልበስ እኔ አልመክርም። ተኝተሽ ጭንቅላትሽን ቀና ስታደርጊ ከእምብርት በላይና በታች መሐሉ ላይ እንደ ሸንተረር የሚነሳ ነገር ካየሽ፣ በመቀነት ከመሸፈን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማየት ይሻላል።

መቀስና ሜትር

ስለ ጥቁሩ አልስማማም። ጥቁር ልኩ ያልሆነን ልብስ አያድነውም፤ ወተት ሲደርቅ ደግሞ ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን ፈዛዛ ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ትንሽ እርጥበት ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። ጥልቅ ሰማያዊ፣ የወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቡና ዓይነት ውሰጂ፤ ለሸሚዝ ደግሞ ነጭ ወይም ጥቃቅን አበባና ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ ጠብታውን ይደብቃል። ከላይና ከታች አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰሽ ኮቱን ከፍተሽ ስትተዪው፣ ከፊት የሚታየው አንድ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ነው። ለ160 ቁመት ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላውቅም።

ከቀሚሱ በተጨማሪ ለቢሮ፦ ከወገብ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ ጉርድ አንድ፣ ቀጥ ያለ ሱሪ አንድ፣ ሸሚዝ ሦስት፣ ኮት አንድ። ሁሉም እርስ በርስ ይገጥማሉ። ለጉርዱ 150 ስፋት ካለው 1 ሜትር ከ20 በቂ ነው፤ ኪስ ጎኑ ላይ አታስወጪ፣ ዳሌ ላይ ይከፈታል። ሸሚዙ ላይ አንዱ ቁልፍ በትክክል በጡት ጫፍ መስመር ላይ እንዲውል ንገሪው፣ ሌሎቹ ከእሱ በየ8 ሴንቲው ወደ ላይና ወደ ታች ይለኩ። ሰፊዎች ከአንገት ጀምረው ስለሚለኩ ጡት ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ በመርፌ ቁልፍ መያዝም የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጅ ላቀፈች እናት መርፌ ቁልፍ ደግሞ አይሆንም።

ኮቱ ባለ አንድ ረድፍ፣ ባለ አንድ ቁልፍ ይሁን፤ ቁልፉ ከጡት ስር ካለው ቀጭን ቦታ ትንሽ ወረድ ብሎ ይዋል፣ እምብርት ላይ ከዋለ ሆዱን ያመለክታል። ርዝመቱ የዳሌሽ ሰፊው ቦታ ላይ አይቁም፤ ወይ ከዚያ 5 ሴንቲ ከፍ ይበል፣ ወይ አልፎ ይውረድ። ከሰልባጅ ጥሩ ኮት ይገኛል፣ ዋጋውም ይረዳሻል። ስትመርጪ ትከሻውንና የክንድ መግቢያውን ብቻ አስቢ። ወገቡን ማጥበብ፣ እጁን ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው፤ ትከሻ መፍታት ግን እጅጌውንም ገበሩንም ማውለቅ ስለሆነ ከኮቱ ዋጋ ይበልጥብሻል።

የድሮ ልብስሽን አትጣዪ፣ አትጨናነቂበትም። ገልብጠሽ የጎን ስፌቱን እዪ፤ 2 ሴንቲ ትርፍ ካለው አምጪው። ከሌለው ከብብት እስከ ታች በጎኑ የሚገባ ጨርቅ መጨመር ይቻላል፣ ያው ቀለሙ ባይገኝም ጠቆር ያለ ከሆነ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ድርና ማግ

ወደ ክርስትናው ልምጣ። ቀሚሱን ዛሬውኑ እዘዢ። ሽሮ ሜዳ የተሰፋ መግዛት ይቻላል፤ ተሰፍቶ የተሰቀለው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጠባ ደረት አይችልም፣ ዚፑም ከኋላ ነው። ጥለቱን መርጠሽ ማሰፋት ይሻልሻል፤ ሸማኔው አዲስ ጥበብ የሚሠራልሽ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቅርጹ፦ ከጡት ግርጌ 2 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቁርጥ፣ ከዚያ በታች ሳይሸበሸብ ቀስ ብሎ የሚሰፋ። ሽብሽቡ ከበዛ ገና ያልወለድሽ ትመስያለሽ። ጥለቱ ከአንገት እስከ እግር መሐል ለመሐል አንድ ቁም፣ ስፋቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ፤ እጅጌው ጫፍና የታችኛው ዳር ላይ ቀጭን ጥለት ይበቃል። ሰፊ ጥበብ ሆድ ላይ አግድም ማስኬድ፣ ወይም ወገብ ላይ በደማቅ መቀነት መቁረጥ ለዚህ ወቅት አይሆንም። መቀነት ከወደድሽ ከጥለቱ ቀለም አንዱን የያዘ ቀጭን፣ ከጡት ስር ባለው ስፌት ላይ ይታሰር።

ማጥቢያ ዚፑ በቁሙ ጥለት ጠርዝ ስር፣ በግራም በቀኝም ይደበቃል። ፈትል ልቅ ሽመና ነው፣ ስፌት ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ዚፑ የሚገባበት፣ ብብቱና ከጡት ስር ያለው ስፌት ከውስጥ ቀጭን ጥጥ ጨርቅ ይደረብበት። ገበሩ ሙሉ ይሁን፣ ጥጥ። ናይለን ገበር ያልባል፣ ሲራመዱም እግር ላይ ይጣበቃል። ገበሩም በማጥቢያው ቦታ መከፈት አለበት፤ ይህን ስንቱ ሰፊ ይረሳዋል፣ በዕለቱ ዚፑ ተከፍቶ ውስጡ ዝግ ሆኖ ይገኛል። ከመረከብሽ በፊት ተቀምጠሽ፣ በአንድ እጅ ትራስ አቅፈሽ፣ በሌላው ከፍተሽ ሞክሪው።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ መኮማተሩን እዚያው ይጨርስ። የጥለቱን ቀለም ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠርገሽ ፈትሺ፤ ከለቀቀ ሌላ ምረጪ፣ ምክንያቱም ወተት ሲነካው ወደ ነጩ ይሄዳል። ርዝመቱ በምትጫሚው ጫማ ይለካ፣ ከመሬት 3 ሴንቲ ከፍ ይበል። ልጅ ታቅፈሽ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ስትወጪ ቀሚስ የምትሰበስቢበት እጅ የለሽም።

ነጠላውን በተመለከተ ቀላሉን፣ ሁለት ድርብ የሆነውን ውሰጂ። ለማጥባትም እሱው መከለያ ይሆናል። ጥምቀቱና ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ማለዳው ይበርዳል፤ ጋቢውን ሌላ ሰው ይያዝልሽ።

ኡሙ ሐናን

ክርስትና ለሌለን፣ አቂቃም ሆነ ሥራ ላለብን እህቶች ልጨምር። አባያ ሆድን ይሸፍናል ብላችሁ ትከሻውን ችላ አትበሉ፣ ጋሼ ያሉት እዚህም ይሠራል። ፊቱ እስከ ሆድ ድረስ ዚፕ ያለው፣ ዚፑ በጨርቅ የተከለለ ይሁን። ውስጡን ደግሞ ከላይ አጭር ቦዲ፣ ከታች ከፍ ያለ ወገብ ያለው ጉርድ ብትለብሱ፣ ለማጥባት ሙሉውን ማንሳት አያስፈልግም። ሂጃቡ ደረት ላይ በመርፌ ከሚያዝ ከአገጭ ስር በማግኔት ቢያዝ ይሻላል፤ ልጅ ይስባል፣ መርፌው ይወጋል። ጫፉ ረዘም ብሎ በአንድ ወገን ከወረደ ለማጥባት ሌላ መከለያ አትፈልጉም።

ሹሩባ ቤት

ማንም ያላነሳው ፀጉር ነው። ከወሊድ በኋላ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ድረስ ባለው ጊዜ ፀጉር በብዛት መርገፍ ይጀምራል፣ ማለትም ልክ ወደ ሥራ በምትመለሽበት ሰሞን። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው አንድ ላይ የሚወጣው፤ አብዛኛው ሴት ዓመት ሳይሞላው ይመለስላታል። በዚህ ወቅት ግንባር አካባቢ ጠብቆ የተሠራ ቀጭን ሹሩባና ሰው ሠራሽ ፀጉር የተጨመረበት ከባድ ሥራ የግንባሩን መስመር ይነቅለዋል፤ ሥሩ ከተጎዳ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ወፍራም፣ ላላ ያለ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ሹሩባ ይሁን። ከተሠራ በኋላ ቅንድብሽን ስታነሺ ቆዳው ከሳበሽ ወይም ጥቃቅን ብጉር ከወጣብሽ አስፈቺው። ከአንገት በላይ ያለ ዝቅተኛ ጥቅል ከኮት ጋርም ከሐበሻ ቀሚስ ጋርም ይሄዳል። ጆሮ ላይ ትናንሽ ፍሬ ወርቅ፣ ቀለበት ጉትቻ ግን ልጅቷ መያዝ እስክታቆም ይቀመጥ።

አራስ ሰሚት

ሁሉንም ጻፍኩት፣ ኑሩልኝ። የመጨረሻ፦ የኮቱን ጨርቅ ራሴ ብገዛ ስንት ሜትር? ጫማዎቼም ጠበቡኝ፣ እነሱስ ይመለሳሉ? የወተት እድፍስ ነጩ ቀሚስ ላይ?

መቀስና ሜትር

ለኮቱ 150 ስፋት ካለው 2 ሜትር፣ ገበሩ 1 ሜትር ከ70።

አዋላጅ ነርስ

እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ጅማቶቹ ስለላሉ ግን የእግር ቅስት ዝቅ ብሎ እግሩ በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ሊጨምርና በዚያው ሊቀር ይችላል። ምሽት ላይ ቆመሽ ለክተሽ አንድ ጥሩ ጥቁር ወይም ቡናማ ጫማ ግዢ፣ ታኮው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ፣ ወፈር ያለ። በድንገት አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ የጫማ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ድርና ማግ

ወተት በሙቅ ውሃ አይነካም፣ ሙቀቱ እድፉን ጨርቁ ውስጥ ያስቀረዋል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና ቀብተሽ ግማሽ ሰዓት ትተሽ በእጅ እሺው። በረኪና አታስጠጊበት፦ ፈትሉን ያሳሳዋል፣ የጥለቱን ቀለም ይበላዋል። የልጅ ቅባት ወይም ቫዝሊን ከነካው ደግሞ ውሃ ሳይነካው በፊት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይንጠብበት።